ኮምፒዩተሩን ሐሳቡን የጠየቅኩበት ቀን

የሰሜኑ ጦርነት መርሳን በተፈናቃይ በሞላበት ክረምት የሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም፤ በራሴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እኔ መርሳ ውስጥ ሬዲዮ ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ኮምፒዩተርንም ማንም ሳያስተምረኝ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ተምሬያለሁ። ስለዚህ የተፈናቃዮች መመዝገቢያ ዳታቤዝ ሲዘጋጅ ሙሉጌታ ከሚባል ባለዲግሪ ጋር እንድሠራ ተጠራሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘይነባ የምትባል ሴት ከቆቦ በኩል መጣች። መንገድ ላይ ከባሏ ተለያይታለች። ባሏ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ የሚወጋው ኢንሱሊን ግን እሷ ዘንቢል ውስጥ ቀርቷል።

"ከትናንት ጀምሮ አልተወጋም። በአላህ ይዣችኋለሁ!" አለች።

የባሏ ስም ሰይድ አሊ ነው። ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ አሊ እንዳለ አገሬው ያውቀዋል። ስለዚህ ስሙን ከሚስቱ ስም፣ ከቀበሌውና ከመጠለያ ወደ መጠለያ ከተዘዋወሩት ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነበረብን። ሙሉጌታ ፍለጋውን አዘዘ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ መልስ የለም። የጄኔሬተሩ ነዳጅም እያለቀ ነው።

"ኮምፒዩተሩ አርጅቷል" አለ ሙሉጌታ።

"ያረጀ አይሠራም ያለህ ማነው? አቁመውና እንዴት ሊፈልግ እንዳሰበ ጠይቀው።"

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሬዲዮ አይደለም፤ ክዳኑን ከፍተው አያዩትም።"

"ይከፈታል! ዞር በል።"

ዳታቤዝ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት በየት በኩል ቢሄድ እንደሚቀለው ያቅዳል። ዕቅዱን አሳየኝ የሚባልበት ትእዛዝ አለ። ጻፍኩት። ጉዱ ወጣ! ብዙ ሺህ ሰው መዝግበን ሳለ ኮምፒዩተሩ የገመተው አርባ ሰው ብቻ ነው። ጥቂት ስለመሰለው፣ ስሙ ያለበትን ቦታ በቀጥታ የሚጠቁመውን ማውጫ ትቶ፣ ለእያንዳንዱ ስም ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል።

"አርባ ሰው እኮ የመዘገብነው በመጀመሪያው ቀን ነው" አለ ሙሉጌታ። "ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ራሱ የተመዘገበውን እየቆጠረ ግምቱን ማደስ ነበረበት። ቆጠራውን ማነው ያጠፋው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት። ምዝገባው እንዲፈጥን ብዬ ነበር። ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። ስህተቱን ያገኘሁትም እኔው ነኝ።

እንደ አዲስ እንዲቆጥር አዘዝኩና ፍለጋውን ደገምኩት። ዘይነባ ሻሿን አስተካክላ ሳትጨርስ መልሱ መጣ፤ ሰይድ አሊ ሲሪንቃ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለው መጠለያ ነው። በሲሪንቃ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፍ አይሱዙ አስቁመን አሳፈርናት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰይድ አሊ በእግሩ እየሄደ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ድረስ መጣ። እጄን ይዞ አልለቅም አለ።

"አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው! ይህን ትምህርት የት ተማሩት?"

"እዚችው መርሳ፣ እዚሁ ወንበር ላይ" አልኩት።

አንዳንዶች ጉረኛ ይሉኛል። ይበሉ። ያ ሰው ዛሬም በስልክ ሰላም በሚለኝ ቁጥር ደረቴ እንደ አዲስ ይነፋል።