ፈንዲሻ የቀመሰ መኪና

ሳቄ ይውጣልኝ፣ ዋናው ገና ነው! በደርግ ጊዜ የእህቴ ልጅ ብርሃኔ እዚሁ አዋሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በራሱ የሚሸምን መኪና መጠገን ትማር ነበር። የመጨረሻው ፈተና ላይ ቤተሰብ ይግባ ተባለ። አስተማሪው መኪናውን ያበላሽባታል፣ እሷ ትጠግናለች፤ ካቃታት ሥራ የለም።

አስተማሪው ገና ሳያበላሸው፣ ብርሃኔ ስታስነሳው ደስታው አቅሌን አሳተኝ። እልል ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ያመጣሁትን ፈንዲሻ በተንኩበት። ክሩ ተበጣጠሰ፣ መኪናውም ቀጥ አለ።

"አክስቴ፣ ገደልሽኝ!" አለች።

አስተማሪው እጁን አጣምሮ ያያል። እሷ ፈንዲሻውን ለቅማ፣ ክሩን ቋጥራ አስነሳችው፤ ያ መኪና ምንም እንዳልተፈጠረ መሸመኑን ቀጠለ። አስተማሪው ወደ እኔ ሲመጣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ፊቱን ሳይፈታ እንዲህ አለኝ፦

"እናቴ፣ ልጅዎ አልፋለች። እኔ ያሰብኩላት ብልሽት ከዚህ ይቀል ነበር። ነገም ተፈታኞች አሉ፣ ፈንዲሻውን ይዘው ይምጡ።"