አምስት ዓይነት የአጥር ሐረግ

በጃንሆይ ጊዜ እኔ ጊምቢቹ አስተምራለሁ፣ ሚስቴ ሆሳዕና አባቷ ቤት ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ስመላለስ ተረከዜ ለበቅሎ ጫማ የሚተርፍ ቆዳ አወጣ። ሆሳዕና የሚሰጠውን የክረምት የመምህራን ኮርስ ካለፍኩ ወደ ሆሳዕና እዛወራለሁ፤ ከወደቅኩ እዚያው ነኝ።

የዕፀዋት አስተማሪያችን ፈገግታ የማያውቁ ሰው ነበሩ። «አጥር ላይ የሚጠመጠመውን፣ አበባው ጡሩምባ የሚመስለውን ሐረግ ታውቁታላችሁ። አምስት የተለያየ የዱር ዓይነት ያላመጣ፣ አልፋለሁ ብሎ አይጠብቅ» አሉን።

አምስት ምን አላት? በሦስት ቀን ዘጠኝ ሰበሰብኩ፤ ሰማያዊው፣ ወይን ጠጁ፣ ሮዙ፣ ነጩ። ያደረቅኳቸው በአማቴ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። ከዘፍጥረት እስከ ነገሥት ሞላሁት፤ ሽማግሌው ለጸሎት ሲከፍቱት የከብት መኖ ይረግፍባቸው ነበር።

መምህሩ አበቦቹን በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አዩ። «ሰባቱ አንድ ተክል ናቸው። ጧት የቀጠፍከው ሰማያዊ ነው፣ ከምሳ በኋላ የቀጠፍከው ወደ ቀይ ሄዷል። ሰዓት ነው የለየኸው። ያለህ ሦስት ነው፤ እስከ ዓርብ ሙላ» አሉኝ። ከዚያ ቀለሙን ትቼ ምን እንደማይ አሳዩኝ። አበባውን ከሥር የያዙት አምስት ትንንሽ ቅጠሎች ጸጉር አላቸው ወይስ ልሙጥ ናቸው? መሀል ያለው የሴቴ ዘንግ ጫፉ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው ወይስ እንደ ክር ለሁለት የተሰነጠቀ? ትልቁ ቅጠልስ ልብ ይመስላል ወይስ ባለ አምስት ጣት ነው?

ለሚስቴ ነገርኳት።

«የኛ አጥር ላይ ያለው? እሱማ ሁልጊዜ ምሳ ሲደርስ ይቀላል» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? አስተማሪው አንተ ነህ፤ እኔ ልብስ ሳሰጣ ነው የማየው።»

በማግስቱ አብረን ወጣን። እሷ በመርፌ ትከፍታለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

«ይሄ ጸጉራም ነው።»

«አለን።»

«ይሄ መላጣ ነው፣ አባዬን ይመስላል።»

«እሱም አለን።»

እስከ ቦኖሻ ያለውን አጥር ሁሉ የዳበስን ይመስለኛል። አንድ ጫፉ የተሰነጠቀ ትንሽ ነጭ አግኝተን አራት ሞላን። አምስተኛው ጠፋ። ዓርብ ጧት ጨነቀኝና ከጓሮ አንድ አበባ ቀጥፌ ከአራቱ ጋር አቀረብኩ።

መምህሩ አምስተኛውን በማጉያው አዩት። «ይሄን ማን ተከለው?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ማጉያውን ሳየው ተውኩት። «አማቴ ናቸው። ከሀደሮ ያመጡት ስኳር ድንች ነው።»

«የዱር ነው ያልኩት።»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«የዚሁ ሐረግ ዘመድ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማንም። ዘንጉ ጫፉ ላይ ኳስ አለው፤ ከአጥሩ ጋር አስተያየሁት።»

ወረቀቴን ሳቡና ከአምስት አራት ተኩል ሰጡኝ። ማለፊያውም ልክ እሱ ነበር። መስከረም ላይ ጓዜን ከጊምቢቹ በአህያ ጭኜ ሆሳዕና ገባሁ።