መንትያው

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ በየጾሙ ስናዘዝ ምቀኝነቴን፣ ሆዳምነቴን፣ ሳልጾም ጾምኩ ማለቴን ሁሉ ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠራርጌ አልፈዋለሁ። እናንተ ቀኖና ስለማትሰጡኝ ለእናንተ ልንገራችሁ። እኔ በሐሰት ትርጉም የሰው እጮኛ ነጥቄያለሁ።

አሰበ ተፈሪ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ስመደብ ገና ወጣት ነበርኩ። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ወይዘሪት አሰገደችን ወደድኳት። እሷ ግን ለግርማ ታጭታለች። ግርማ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው፤ በየእሑዱ በጭነት መኪና ዳገቱን ወጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሎሚ ይዞላት ይመጣል። ምን ክፉ ላውራበት? አልነበረውም። ይኸው ራሱ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ከድሬዳዋ የፊልም መኪና መጣ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ተወጠረ፣ ከተማው ተሰበሰበ፣ እኔም ድምፅ ማጉያ ይዤ አስተርጓሚ ሆንኩ። ፊልሙ ከአንድ የቆየ የእንግሊዞች ልብ ወለድ የተሠራ ነው። ጨለማ የዋጠው ትልቅ ቤት፣ የማያባራ ነፋስ፣ ፊቱ የማይፈታ ባለጸጋ፣ ለዓይነ ስውር እናቱ መጽሐፍ ልታነብ የተቀጠረች ድሀ ልጅ። ልጅቱ ሰውየውን «ማስተር» ትለዋለች። ቃሉ መምህርንም ቢጠራ፣ እዚህ ጌታዬ ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አሰገደች ከፊት ተቀምጣለች። «መምህር ትለዋለች» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ! ሰውየው አፉን በከፈተ ቁጥር «ከሀብት እውቀት ይበልጣል ነው የሚለው» እያልኩ አስጨበጨብኩለት። መጨረሻው አካባቢ ግን ምድር ቤቱ ተከፈተና ተቆልፎባት የኖረች ሚስቱ ወጣች። ሕዝቡ «ኧረ ጉድ!» ብሎ ከሸራው ወደ እኔ ዞረ። አገሩ ሚስት ትቶ የመጣ መምህር ለዚያ ከተማ ብርቅ አልነበረም። አሰገደችም ዞራ አየችኝ።

«ይኼኛው መምህሩ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «መንትያው ነው! ባቡር ጣቢያ የሚሠራው መንትያው!»

ምን ነካኝ? ፊልሙ ውስጥ ባቡር የሚባል ነገር የለም፤ የሚሄዱት በፈረስ ነው። እህል ነጋዴው ኦቦ ሙሜ ከኋላ፣ «ወላሂ መምህር፣ የመንታ ኮትም አንድ ነው እንዴ?» አሉ።

«እናታቸው ገዝታላቸው ነው» አልኩ።

«ያቺ ዓይነ ስውሯ?»

አልሰማሁም ብዬ ቀጠልኩ። መልካም ሲሠራ መምህሩ፣ ክፉ ሲሠራ መንትያው እያልኩ ጨረስኩት።

በሳቅ ቢቀር ምንኛ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ግርማ ከመኪና ሲወርድ ልጆች «መንትያው መጣ!» እያሉ ተከተሉት። በሳቅ የተጀመረው ሹክሹክታ ሆነ፤ ሚኤሶ ሚስት ቆልፎ ነው የሚመጣው ተባለ። የአሰገደች አባት «ካለ ነገር አይወራም» ብለው በር ዘጉበት።

ታዲያ ግርማ ለአቤቱታ ወደ ማን መጣ? ወደ እኔ!

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ቃልዎን ይሰማሉ» አለኝ፣ ባርኔጣውን እያሻሸ። «ሚስት የለውም ብለው ይመስክሩልኝ።»

«እስቲ አየዋለሁ» አልኩት። አላየሁትም። ሎሚውን ለእሷ እንዳደርስለት ትቶልኝ ሄደ። አደረስኩ፤ የራሴ ስጦታ አስመስዬ። እሱም መምጣቱን ተወ፤ ኋላ ዝውውር ጠይቆ ከሚኤሶም ሄደ ሲባል ሰማሁ።

አሰገደችን አገባሁ። ከዓመታት በኋላ ድሬዳዋ ሄደን ሲኒማ ብንገባ፣ ያው ታሪክ በሌሎች ተዋንያን፣ ባለ ቀለም ሆኖ እንደገና ተሠርቷል! ወንበሬ ላይ ተኮራመትኩ። እሷ እስከ መጨረሻው አየችና፣ «ይኼኛው አይረባም። መንትያውን አስቀሩት» አለች።

«ወጪ ለመቀነስ ይሆናል» አልኳት።

እየቀለደች ይሁን የምሯን፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እዚያው መናገር እችል ነበር። ደግሜ ዋሸሁ።

እና አሁን ይቅርታ ልጠይቅ? ይቅርታው የግርማ ነው፤ ግርማን ደግሞ ፈልጌው አላውቅም። ደግሞስ ምን ብዬ ልጸጸት? ያን ድምፅ ማጉያ ዛሬ ብትመልሱልኝ፣ አሰገደችም ከፊት ሆና ዞራ ብታየኝ፣ መንትያው ነው እላለሁ። ስለዚህ እግዚአብሔር ይፍታህ አትበሉኝ።