ሸምሱን የት ላስቀምጠው?

ባለፈው ሳምንት ከወልቂጤ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ይከራከራሉ። አንዱ ከስልኩ ላይ ያነባል። ዓለም ሁሉ ያልገባውን ነገር የሚፈልግበት ያ ትልቁ ድርጅት፣ ያን ሁሉ ብርና ያን ሁሉ ሊቅ ይዞ፣ በኢንተርኔት ሰው ለሰው የሚገናኝበት መንደር ልስራ ባለ ቁጥር ለምን አልሆነለትም? ነገሩ ይሄ ነው። አንዱ "ዘግይቶ ስለገባ ነው" ይላል። ሌላው "አይ፣ ዲዛይኑ ነው" ይላል። እኔ አላስቻለኝም፤ አንገቴን መሃላቸው አስገብቼ "ልጆች፣ ይሄንን እኔን ነው መጠየቅ። ባለቤቶቹ ሳያውቁት እኔ ቡታጅራ ቁጭ ብዬ አውቄዋለሁ" አልኳቸው። ተያይተው ፈገግ አሉ። ገና ልጀምርላቸው ስል "ወራጅ!" ብለው ወረዱ። ሳይወራ የቀረ ወሬ ደግሞ እንደ ቆጮ ቃጫ ነው፤ ጥርስ መሃል ገብቶ እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ እናንተው ስሙኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነኝ። ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ እየገዛሁ ስፈታ ስገጥም፣ ስፈታ ስገጥም ነው የገባኝ። ገጥሜ ስጨርስ ሁልጊዜ ብሎን ይተርፈኛል፤ ማሽኑ ግን ይሰራል። ለሚስቁብኝ "ፋብሪካው ያለ ቦታው የጨመረውን ነው ያወጣሁት" እላቸው ነበር። ከቡታጅራ እስከ እንሴኖ እንደኔ ኔትወርክ የገባው ሰው አልነበረም። ጉራ እንዳትሉኝ። እሺ ጉራ ነው፣ ግን እውነት ነው።

በዛን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ሰማያዊው መንደር ላይ ነበር። የትኛውን እንደምል ታውቃላችሁ፤ ዛሬም አያቶች ሳይቀሩ ፎቶ የሚለጥፉበት። አንድ ፎቶ እስኪከፈት ሻይ ታዝዞ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ታጥቦ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ሁሉም ያለበት ቦታ ይደብረኛል። እግሬ አይቀመጥ፣ ልቤ አይቀመጥ። ታዲያ ያ ትልቁ ድርጅት አዲስ መንደር ከፈተ፣ ተጋብዞ ካልሆነ ማንም አይገባበትም ሲባል ሰማሁ። ተጋብዞ! ይሄ ለኔ የተሰራ ነገር ነው አልኩ።

ወልቂጤ የማውቀው አስተማሪ ቀድሞ ገብቷል አሉኝ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ተራራውን የሚያሻግረው የጠጠር መንገድ ጭቃ ሆኗል። በአይሱዙ ተጭኜ ሄድኩ። ሹፌሩ ከጉሙ የተነሳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። ከተራራው ወዲያ የእንሰቱ ቅጠል ውሃ ያንጠባጥባል፤ መንገድ ዳር ጥብስ በቆሎ እየጋጥኩ፣ በጭስ የጠቆረ እጄን ሱሪዬ ላይ እየጠረግኩ ወልቂጤ ገባሁ። አስተማሪው የመጣሁበትን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"ነስሩ፣ ግብዣው እኮ በኢሜይል ነው የሚላከው። ቡታጅራ ሆነህ ልልክልህ እችል ነበር!"

"ግብዣ ተሄዶ ነው የሚወሰደው" አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

አዲሱ መንደር ሲከፈትልኝ ጉድ አልኩ። ነጭ፣ ንፁህ፣ አዲስ እንደተቀባ ቤት። ትልቁ ጥበቡ ክበብ የሚሉት ነገር ነው። ሰማያዊው ላይ ያወቅከው ሁሉ ጓደኛ ነው፤ ሌላ ማዕረግ የለም። እዚህ ግን ሰውን በፎቶው ይዘህ፣ በማውዝ ጎትተህ፣ ክበብ ውስጥ ትጥላለህ። አንዱ ክበብ ቤተሰብ፣ አንዱ ጓደኛ፣ አንዱ ትውውቅ። ለዘመድህ የምትለውን ለዘመድህ፣ ለጓደኛህ የምትለውን ለጓደኛህ። ቡታጅራ ተመልሼ መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማ "አረፋ ሳያልፍ ይሄንን ከተማ በሙሉ ከሰማያዊው አወጣዋለሁ!" ብዬ ፎከርኩ። ያገኘሁትን ጎረምሳ ሁሉ እየጎተትኩ አስመዘገብኩ። ይመዘገባሉ፣ ዞር ዞር ብለው ያያሉ፣ "ሰው የለም እንዴ?" ይላሉ፣ ተመልሰው ሰማያዊው ላይ ይሄዳሉ። "እናንተ ስትገቡ ነው እኮ ሰው የሚኖረው" ብል ማን ይሰማኛል? ሁሉም ሌላው እስኪገባ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ በዚህ መሃል ሃያት አለች። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ስትስቅ አፏን በሻርፗ ጫፍ ትሸፍናለች። ጉራዬን ትወድልኝ ነበር። ባትወድም ትችለው ነበር። አባቷ መርካቶ ነጋዴ ናቸው፤ በዓመት አንዴ ለአረፋ ነው የሚመጡት። ያሳደጋት ትልቅ ወንድሟ ሸምሱ ነው፤ ከቆሼና ከእንሴኖ ገበያ በርበሬ እየገዛ የሚነግድ፣ ሲስቅም ሲቆጣም ፊቱ የማይለይ ሰው። ነገራችን ቁርጥ ነበር፦ አባቷ ለአረፋ ሲመጡ ሽማግሌ ይገባል። ያኔ ካልሆነ ሌላ ዓመት ነው፤ ሌላ ዓመት ደግሞ እሷን የሚጠይቅ የመርካቶ ልጅ እንዳለ ሰምቻለሁ።

አረፋ ደረሰ። ከተማው ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ሞላ፤ በየግቢው የተሰጣ በርበሬ ይቀላል፣ በየቤቱ ቢላ ይሳላል። ኢንተርኔት ቤቴ ጢም ብሏል። ይሄኔ ነው የመንደሬን ጥበብ ማሳየት ብዬ ትልቁን ስክሪን ወደ ሰዉ አዞርኩት። "እዩ!" አልኩ። የአጎቴን ልጅ ጎትቼ ቤተሰብ ውስጥ ጣልኩት፤ አጨበጨቡ። የኳስ ጓደኞቼን ጓደኛ ውስጥ፤ አፏጩ። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የመጣው የሸምሱ ፎቶ ነው። በዛው ሰሞን በግድ ያስመዘገብኩት እኔው ነኝ። ቀና ስል ራሱ ሸምሱ በሩ ላይ ቆሟል።

እጄ ማውዙ ላይ ቀረ። ቤተሰብ ልበለው? ሽማግሌ ሳልልክ እህቱን ወሰድኩ ማለት ነው፣ ያውም በሰው ፊት። ጓደኛ ልበለው? ጋሼ የምለው ሰው፣ በእድሜ በብዙ ይበልጠኛል፤ ንቀት ነው። ሰዉ ይጠብቃል። በመጨረሻ ክብሩን ጠብቄ፣ ቀስ አድርጌ፣ እንደ እንቁላል ይዤ ትውውቅ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሸምሱ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ "ማሻአላህ" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ገቡ። አጎቴ ነው የመራቸው። እኔ ከነሃያት ግቢ ማዶ ሱቅ በር ላይ ሆኜ ስነሳ ስቀመጥ፣ ባለሱቁ "ወይ ግዛ ወይ ቁጭ በል" አለኝ። አጎቴ ብዙም ሳይቆይ ጫማውን እየጎተተ ወጣ።

"ምን አሉ?"

"ክትፎውን አቀረቡ፤ መልስ ሳንሰማ አንቀምስም አልን። አባትየው 'ያሳደጋት ሸምሱ ነው፣ እሱን ጠይቁ' አሉ። ሸምሱን ጠየቅነው።"

"እሺ?"

"'እኔ ትውውቅ ነኝ። የዚህን ዓይነት ነገር ቤተሰብን ጠይቁ' አለ።" አጎቴ ቆመና ፊቴን አየው። "አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው?"

ያንን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልነግራችሁም። ጠዋት እንሴኖ ወረድኩ፤ የገበያ ቀን ነው። ሸምሱ በርበሬ በተሞላ ጆንያ መሃል ቆሞ ያስመዝናል። ገና ሳልደርስ ማስነጠስ ጀመረኝ።

"አሰላሙ አለይኩም ጋሼ ሸም… ሃጢሹ!"

"ወአለይኩም ሰላም፣ ትውውቄ። ምን እግር ጣለህ?"

"ወላሂ ንቄህ አይደለም። ቤተሰብ ብልህ ቀድሜ እህትህን ወሰድኩ ነው። ጓደኛ ብልህ ታላቄ ነህ። የት ላስቀምጥህ? አንተ ንገረኝ፣ የት ላስቀምጥህ?"

ሸምሱ አንድ ደረቅ በርበሬ አንስቶ ጆሮው ጋር አንኳኳው፤ ፍሬው ሲንኮሻኮሽ አዳመጠ።

"ለምን ታስቀምጠኛለህ? ዕቃ ነኝ?"

"ካላስቀመጥኩህ ማሽኑ አያስገባህም።"

"እሺ ሰማያዊው ላይ ምን ነበርኩ?"

"ጓደኛ።"

"ሃያትስ?"

"ጓደኛ።"

"አባቴ ቢገቡ?"

"እሳቸውም… ጓደኛ።"

"ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አይቀየምም" አለ። በርበሬውን ጆንያው ላይ ጣለና "አንተ ግን እውነቱን ልናገር ብለህ ገባህ፤ ያውም ሳታውቀው። በል፣ ከፈለግከን ሰዉ ፊት ያሰርከውን እዛው ሰዉ ፊት ፍታው። ማታ እመጣለሁ" አለኝ።

እንግዲህ አስቡት። ከተማውን በሙሉ አወጣለሁ ብዬ ፎክሬያለሁ። ምላሴን እንደ መታወቂያ ነው ይዤ የምዞረው። ከእንሴኖ እስክመለስ፣ መኪናው በቆመበት ሁሉ ልውረድና ልሩጥ ይለኛል። ሃያት ግን ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ትታየኛለች።

ማታ ቤቱ ከትናንት በስቲያው ይበልጥ ሞላ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ስክሪኑን አዞርኩ። ክበቦቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። የሸምሱ ፎቶ ብቻውን ነጩ ላይ ሲቀር "ይሄ ሰው ምኔ እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያውቀው አላህና እሱ ነው። እኔ ወደ ሰማያዊው ተመልሻለሁ፤ የምትስቁ ሳቁ!" አልኩ። ሳቁ። አንዱማ "ነስሩ፣ ተሄዶ የተወሰደ ግብዣ ተሄዶ ነው የሚመለሰው! ወልቂጤ መልሰህ ና!" ብሎ ጮኸ። ሸምሱ አልሳቀም፤ ወይም ስቆ ይሆናል፣ እንዳልኳችሁ ፊቱ አይለይም። አባቷ መርካቶ ሳይመለሱ ሽማግሌዎቹ ድጋሚ ገቡ። ያን ዕለት አጎቴ ከግቢው ሲወጣ ጢሙ ላይ የክትፎ ቅቤ ነበር። ሌላ አልጠየቅኩትም።

የዛ ድርጅት ሰዎች በኋላ መንደሩን ዘጉት። አዋቂዎች ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ፤ ይደርድሩ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሰው ለሰው ምኑ እንደሆነ ሳያውቅ ነው የሚኖረው፤ እያደር ይለወጥበታል፣ ጠዋት ጠላት የነበረው ማታ ወንድም ይሆናል። እነሱ ቀድመህ ቁረጥ አሉን። እኛ ደግሞ ሙሽራ ቤት እንኳን "እርስዎ ከፍ ይበሉ፣ የለም እርስዎ" እየተባባልን ቦታችንን ሳንለይ የሚመሽብን ሰዎች ነን።

ባለፈው ዓመት ሸምሱ ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ሮጬ ስደርስ ነርሷ በሩ ላይ አቆመችኝ።

"የታካሚው ምን ነህ?"

አፌን ከፈትኩ። አማች ልበል? በርበሬ አብረን ከነገድን ቆየን፤ ሸሪክ ልበል? ልጆቼ ከኔ ይልቅ እሱን ይፈራሉ። እኔ፣ ቃል ጠፍቶኝ የማያውቀው ሰውዬ፣ በር ላይ ቆሜ ቃል ፍለጋ ገባሁ። ከውስጥ፣ ከአልጋው ላይ የሸምሱ ድምፅ መጣ፦

"እህቴ፣ እሱን አትጠይቂው፣ ይቸግረዋል። የኔ ነው።"

"የርስዎ ምን?"

"የኔ። አስገቢው በቃ።"