ለመስኮት የተደረገ ዱዓ

ያ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቤቴን ሊመረምር የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አስከትሎ... ገና ያልወጣች አንዲት መስኮት ለማየት!

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ቦታው ኮምቦልቻ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው፣ ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ያለችው አንዲት መስኮት ወደ ምዕራብ ስለምታይ ከሰዓት በኋላ የምታስገባው አየር ሳይሆን ፀሐይ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴን ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር አምጥቼ እኔ ዘንድ አስቀመጥኳት። አስም አለባት። ደሴ ብርዱ ሲያፍናት ኖሮ እዚህ ደግሞ ሙቀቱ ያዛት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አፏን ከፍታ አየር ስትፈልግ ማየት... እንኳን ልጅ ጠላትም አይችለውም።

ሐኪሙ «መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፣ ቤቱ አየር ይግባበት። አለዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ታፍና ታገኛታለህ» አለኝ።

መላው ቀላል ነበር። በጀርባ በኩል ሌላ መስኮት ማውጣት፣ አየሩ ገብቶ እንዲወጣ። ግን ግድግዳው የመንግሥት ነው፤ ያለ ፈቃድ ምስማር አይመታበትም። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የቀበሌው ግቢ ነው፤ እስረኞች የሚታጎሩበት ክፍልም እዚያው ነው።

አብዮታዊ ሰላምታዬን አስቀድሜ «ለመኖሪያ ቤት ማቀዝቀዣ የሚሆን መስኮት ለማውጣት ፈቃድ ስለመጠየቅ» የሚል ማመልከቻ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ አነበበና ሳቀ።

«ሰፊው ሕዝብ ሙቀቱን ችሎ ይኖራል። አንተ ምን ስለሆንክ ነው ነፋስ ያማረህ?»

«እናቴ ታማብኝ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ወይስ በመስኮት እኛን ልትሰልል ነው?»

አምስት ጊዜ አመላለሰኝ። አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ማኅተም የያዘው ሰው የለም፣ አንድ ቀን ደግሞ ማመልከቻዬን ራሱ ጥሎት «አምጥተህ ነበር እንዴ?» አለኝ። ጠላሁት። እንደዚያ ሰው የጠላሁት የለም። የሐርቡ ገበሬ ልጅ ነው፣ እንደኛው በዱዓ ያደገ። ወንበሩ ላይ ከወጣ ወዲህ ግን ሶላት የሚሰግድ ሲያይ «ኋላ ቀር!» እያለ ያልፋል።

በስድስተኛው የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ራሴ መጥቼ አይቼ እወስናለሁ» አለ። የመጣውም ለዚህ ነው።

ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አደረገ። በከሰል ከራሴ በላይ ምልክት አደረገ።

«እዚህ ላይ። ከሰው ቁመት በላይ። ወንፊት ሽቦ ይመታበታል። ወንበር ላይ ቆመህ ወዲያ ስታይ ካገኘሁህ ግን፣ ከወዲያው በኩል ሆነህ ነው የምታየው!»

እኔ በንዴት ደሜ ፈላ። እሱ ወረቀቱንና ብዕሩን አወጣ። ሊፈርም ሲል እናቴ ከመደቡ ላይ ቀና አለች።

«ቆይ እንጂ ልጄ! ዱዓ ሳይደረግ ግድግዳ ይነካል እንዴ? እጃችሁን ዘርጉ።»

ወሎ ውስጥ አሮጊት «እጃችሁን ዘርጉ» ካለች፣ ጭንቅላት ሳያስብ እጅ ይዘረጋል። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ዘረጉ። ሊቀመንበሩም ብዕሩን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ ዘረጋ። እኔ ግን... ከዚህ ሰውዬ ጋር አሚን አልልም ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ያረቢ፣ ቤቱን የአማን ቤት አርገው።»

«አሚን!»

«የታመመውን ሁሉ አሽርልን።»

«አሚን!»

«ለዚህ ብዕር ለያዘው ልጅ ዕድሜ ስጠው፣ ልቡን አራራው።»

«አሚን!» ከሁሉ ድምፁ የሚጎላው የሊቀመንበሩ ነበር። ዓይኑን ሁሉ ጨፍኗል።

«እኒያን ከግድግዳው ማዶ ሲያስሉ የምሰማቸውን ልጆች፣ ያረቢ፣ አውጥተህ ለናቶቻቸው ስጣቸው።»

«አሚን!»



ሊቀመንበሩ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጠባቂዎቹን አየ፤ እነሱ መሬት መሬቱን ያያሉ። ወደ እኔ ዞረና ጮኸ።

«ማነው አሚን ያለው?!»

«እኔ አላልኩም ጓድ ሊቀመንበር። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

አንደኛው ጠባቂ ሳል ያዘው... ወይም ሳቅ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቀዳዳ እስኪያወጣ ፈረመና ደረቴ ላይ ወረወረልኝ።

«ይህ ነገር ከዚህ ቤት ቢወጣ ውርድ ከራሴ!»

«ከዚህ ቤት እንኳን ወሬ አየርም አይወጣም» አልኩት። ያን አፌን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

በማግስቱ መስኮቱ ወጣ። ስምንት ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ሽው ሲል እናቴ መደቧ ላይ እንደተኛች ረጅም ትንፋሽ ስባ አወጣች። እኔ እንደ ጀግና ጎርደድ ጎርደድ እያልኩ ስስቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ግን ምነው አሚን ሳትል ቀረህ?»

«ከሱ ጋር? ወላሂ አልልም!»

«ዱዓው ለሱ ነበር እንዴ?» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከማዶ አንዱ ያስላል።

ይኸው ስንት ዘመኔ... አሳሪያቸው እንኳ ለነዚያ ልጆች አሚን ሲል፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያላልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።