ለደምሴ የተሠራው በርኖስ

ባለፈው ክረምት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዝናብ የመታው በርኖሳቸውን እንደለበሱ አጠገቤ ተቀመጡና፣ የእርጥብ ሱፉ ሽታ መውረጃዬን አስረሳኝ። የጎረቤታችን የእትዬ በላይነሽ ቤት ሽታ ነው፤ ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ያለው፣ የበግ ጠጉር ሳፍታታላቸው ያደግኩበት ቤት። እውነቱን ለመናገር ከጠጉሩ ይልቅ ቆሏቸውን ነበር የምጨርሰው፤ እሳቸውም «ያንቺስ ጥርስ ወፍጮ ነው» እያሉ መልሰው ያፍሱልኛል።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ደምሴ ከገበያ ታፍሶ ለደርግ ጦር ወደ ሰሜን ተወሰደ፤ ታናሹ ጥላሁን አፈሳውን ሸሽቶ ጫካ ገባና ታጋይ ሆነ። ደርግ እንደወደቀ ጥላሁን ጠመንጃውን አንግቶ ሲመጣ መንደሩ በእልልታ ተቀበለው። እናቱ ግን አቅፈውት ሳለ በትከሻው ላይ አሻግረው መንገዱን ያዩ ነበር። የት እንደተዋጋ አልጠየቁትም። ለደምሴ በርኖስ መፍተል ጀመሩና፣ ልኩን በጥላሁን ቁመት እየወሰዱ «ካንተ በስንዝር ይበልጣል» ይሉታል። በርኖሱ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ወዲህ፣ ጥላሁን ጀርባውን ሰጥቶት ካልተቀመጠ እህል አይቀምስም ነበር።

አንድ ቀን ጠጉር ሳፍታታ ጥላሁን ሙክት እየጎተተ ገባ።

«እማዬ፣ የደምሴን ተዝካር እናውጣ። ለቄሱ ነግሬያለሁ።»

እትዬ በላይነሽ እንዝርቱን አስቀመጡ። በእኛ አገር መርዶ ሳይነገር ተዝካር አይደገስም፤ ከሰሜን ያልተመለሰ ልጅ ሁሉ መርዶው እስኪመጣ በሕይወት እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ለደምሴ ደግሞ መርዶ ነጋሪ መጥቶ አያውቅም።

«ማን ነገረህ?» አሉት።

የሙክቱን ገመድ ሳብ አደረገ።

«ልጄ፣ ማን ነገረህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በርኖሱን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ገመዱን ለቆ ወጣ። ሙክቱ ቆሎዬን ሲበላ እኔ ልጅ ነኝና ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጥላሁን ወደ ጦሩ ተመለሰ፣ መንደራችንንም ዳግመኛ አልረገጠም። እትዬ በላይነሽ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ለአንዱ ቢያለቅሱ ሌላውን መክሰስ ሆነባቸው መሰለኝ። መርዶውን መስማት ፈሩ፣ እኔም ከሳቸው ጋር ፈራሁ። ሲያርፉ ተዝካራቸውን ጎረቤት አወጣ፤ ቄሱ የልጆቹን ስም ከሙታን ይጥሩት ከሕያዋን ቢጠይቁን የሚመልስ ጠፋ። ቤቱም ዛሬ የለም። ዕቃቸውን ስናወጣ ግን ከደምሴ በርኖስ ሥር ሌላ በርኖስ ተሰቅሎ አገኘን። በስንዝር ያጥራል።