ቀበሮ የተኛበት በርኖስ

ባለፈው ሳምንት በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ ከእኔ ጋር የምትኖረው ልጅ የረጠበ የሱፍ ሹራቧን አውልቃ የመኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ ሰቀለችውና ምንም ሳትናገር ወጣች፤ ወዲያውም ክፍሉ በሙሉ እርጥብ የበግ ጠጉር ሸተተ። ለፈተና እያጠናሁ ነበር። ያ ሽታ ግን ከደብተሬ ነጥቆ ከመንዝ ሞላሌ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን፣ እናቴና ጎረቤቶቿ ጥቁር ጠጉር ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ወደሚፈትሉበት ክረምት ወሰደኝ።

በመንዝ ክረምት ጭጋጉ በሩን አልፎ ምድጃው አጠገብ ድረስ ይገባ ነበር። ሴቶቹ በወንፈል፣ ዛሬ ለአንዷ ነገ ለሌላዋ እየሠሩ፣ በእንዝርት ሲፈትሉ ይውሉ ነበር። ያን ዓመት የሚፈተለው የእትዬ ዘነቡ ጠጉር ነበር። እትዬ ዘነቡ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችንና የእናቴ የልብ ጓደኛ ሲሆኑ፣ ለባለቤታቸው ለጋሽ ጌታነህ በርኖስ ለማሠራት ከጥቁር በጎቻቸው የተሸለተውን ጠጉር ዓመት ከዓመት ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። በርኖስ ቀለም አይነከርም፤ ጥቁረቱ ከበጉ ከራሱ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህም ጥቁር ጠጉር ያላት ሴት ቀስ ብላ፣ መርጣና ለይታ ታስፈትለዋለች እንጂ እንደ ሌላው ጠጉር ለምንጣፍ አትሰጠውም።

«ዘነቡ፣ ይሄ ሁሉ ጠጉር ለአንድ ባል ነው?» ትላቸው ነበር አንዷ።

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ቁመቱ ሲያጥር ወርዱ ጨመረ!» ይሉ ነበር እትዬ ዘነቡ፤ ጋሽ ጌታነህም ከማዶ ሆነው «እየሰማሁ ነው!» ብለው ሲጮኹ እንዝርቱ ሁሉ በሳቅ ይፈታ ነበር።

ሐምሌ ላይ ታናሽ ወንድሜን ትክትክ ያዘው። ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ስለነበር እናቴ ከወንፈሉ ቀረች፤ ነገር ግን ለጓደኛዋ ቃል የገባችውን ሥራ ማጓደል ስላልወደደች የድርሻዋን ጠጉር ቤት ወስዳ፣ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ጭሱና ጭጋጉ ባጨለመው ቤት ውስጥ ፈትላ ጨረሰችው። በዚያው ሰሞን ነበር የተሳለችው። «እመቤቴ፣ ይሄን ልጅ ማሪልኝ፣ ጽዋሽን ለኅዳር ጽዮን ተቀብዬ ድሃ ጠርቼ እዘክርሻለሁ» ስትል ከጎኗ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ነሐሴ ሳያልቅ ሳሉ ተወው፣ እሷም ለጠላው የሚሆን ገብስና ጌሾ ከዚያን ቀን ጀምራ ለብቻ ማስቀመጥ ያዘች።

ጽዋ ያልኩት የማርያም ማኅበራችንን ጽዋ ነው። አባሎቹ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በአንዱ ቤት ተሰብስበው፣ የማኅበሩ ቄስ መምሬ ኃይሉ ጸሎት አድርገው፣ ወንጌል ተነቦ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ከአንዱ ጽዋ ሁሉም ተራ በተራ ይጠጡ ነበር። በመጨረሻም የዕለቱ ባለቤት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጽዋ ስሞ ለቀጣዩ ተረኛ በእጁ ያስረክባል፣ ያም ስሞ ተቀብሎ ቤቱ ወስዶ ለወሩ ያኖረዋል። ጽዋው ባለበት ቤት ድምፅ ከፍ አይልም፣ የመጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይመለስም ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ማርያም ራሷ በእንግድነት የመጣች ይመስለኝ ነበርና ጽዋው ወደተቀመጠበት ጥግ ጀርባዬን ሰጥቼ አልቀመጥም ነበር።

አንድ ጥብቅ ሥርዓት ነበራቸው። ጽዋው ከመነሳቱ በፊት መምሬ ኃይሉ ቆመው «የተቀያየመ፣ ሰላም ያላለ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ጽዋው ይነሳል። ያኮረፈ ካለ ግን ጽዋው አይነሳም፣ ከዚያ ቤትም አይወጣም። የጥቅምቱ ተራ የእትዬ ዘነቡ፣ የኅዳሩ የእኛ ነበር።

መስከረም ብሩህ ሆኖ ገባ፣ በርኖሱም ከሸማኔው መጣ። ጋሽ ጌታነህ ለመስቀል ደመራ ደርበውት ሲወጡ ከሩቅ የሚታዩ ሰው ሆነው ነበር፤ እንዲያውም አረማመዳቸውን ለውጠው እንደ ዳኛ ይራመዱ ጀመር። ፀሐይዋ ጭጋጉን ሰንጥቃ ስትወጣ ግን ከትከሻቸው በታች፣ ጀርባቸውን አቋርጦ፣ ቀይ ሰንበር ብቅ አለ። ጥላ ውስጥ አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ግን ይንቦገቦጋል። ከኋላቸው የነበረ ጎረምሳ «ኧረ ጋሽ ጌታነህ፣ ጀርባዎ ላይ ቀበሮ ተኝቷል!» አለ። እኛ አገር ጓሳው ሜዳ ላይ የሚሮጠውን ቀይ ቀበሮ የማያውቅ ስለሌለ ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ጌታነህም ሳቁ። እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቁም።

የመስከረሙ ጽዋ ባለፈ ማግስት፣ ክሩን ማን ፈትሎት ይሆን ሲሉ የሰነበቱት እትዬ ዘነቡ ምንጩ ዳር፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ «ቤቷ ወስዳ የፈተለችው አስካለ ብቻ ናት፤ ጥቁሩን ለራሷ አስቀርታ ቀዩን ፈትላ መለሰችልኝ» አሉ። አስካለ እናቴ ናት። እናቴ ያን ጊዜ ከኋላቸው እንስራዋን እየሞላች ነበር። እንስራዋን ሳትሞላ አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ በኩል እሳት መጫር ቀረ፣ ወንፊት መዋዋስ ቀረ፣ እኛ ልጆቹ እንኳ ስንገናኝ ማን መጀመሪያ ይናገር እያልን እንተያይ ነበር።

የጥቅምቱ ሃያ አንድ እትዬ ዘነቡ ቤት ተሰበሰብን። እናቴ «የእመቤቴን ቀን አልቀርም» ብላ ሄዳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። መምሬ ኃይሉ ጸልየው እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። እትዬ ዘነቡ መሬት መሬት ሲያዩ፣ እናቴ ደግሞ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ በጽዋው ፊት ለመዋሸት ሁለቱም አልደፈሩም።

«እንግዲህ ጽዋው አይነሳም» አሉ መምሬ ኃይሉ፣ ጨርቁን እየመለሱ። «የነቢያት ጾም እስኪገባ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ሰላም ካላወረዳችሁ፣ የኅዳር ጽዮን በዓል እንዳይታጎል ጽዋው የአስካለን ቤት አልፎ ለሌላ ተረኛ ይሰጣል።»

ዳቦውን በልተን ተነሳን። እናቴ ቤት ስትደርስ ለጠላው ያስቀመጠችውን ገብስ ከፍታ እያየች ቆመች። «ስለቴ ሊቀርብኝ ነው» አለች ለአባቴ፤ «ልጄን ሰጠችኝ፣ እኔ ግን ቤቴን ልከፍትላት አልቻልኩም።» አባቴ ሽማግሌ እንላክ አላት። «ሽማግሌ የሚላከው ለበደለ ነው። እኔ ምን በደልኩ?» አለችው።

አባቴ ፊደል የቆጠረው ከቄስ ትምህርት ቤት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቤታችን ውጪ ፀሐይ በሚመታው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጦ ወንጌል ያነብልን ነበር። ሁልጊዜ ካቆመበት ይጀምራል እንጂ ደስ ያለውን አይመርጥም፤ «ወንጌል እንደ ገብስ ማሳ ነው፣ ከዳር ይዘህ ታጭደዋለህ እንጂ ያማረውን ዛላ እየለየህ አትቀነጥስም» ይል ነበር። ያን እሑድ ሲያነብ፣ መባህን ይዘህ ወደ መሠዊያው ስትመጣ ወንድምህ ያዘነብህ መሆኑ ትዝ ቢልህ መባውን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ሄደህ ታረቅ የሚለው ቦታ ላይ ደረሰ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «ሆን ብለህ ነው!»

«እመቤቴ ትመስክር፣ አስካለ» አለና ባለፈው እሑድ ያቆመበት ላይ ያስገባትን የጠጉር ክር አውጥቶ አሳያት። «ያደረሰን ተራው ነው።»

«ቢሆንም ለእኔ አይደለም። ያስቀየመችኝ እሷ ናት።»

አባቴ መልሶ አነበበው፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ «ጌታ እዚህ ላይ ማን በደለ ብሎ አልጠየቀም» አለ። «ያዘነብህ ሰው ካለ አንተ ሂድ ነው ያለው። ዘነቡ አዝናብሻለች ወይስ አላዘነችብሽም?»

እኔ የማስታውሰው እናቴ ወንድሜን ከጭኗ አንስታ ለእኔ ስታቀብለኝ፣ ወደ ውስጥ ገብታ ከእኛ ጥቁር በግ የተሸለተውን፣ ለአባቴ በርኖስ ብላ ያኖረችውን ጠጉር በጨርቅ ጠቅልላ፣ እንዝርቷን ይዛ ስትወጣ ነው። ወንድሜን አዝዬ ተከተልኳት።

እትዬ ዘነቡ ግቢያቸው ውስጥ ገብስ ያሰጡ ነበር። ጋሽ ጌታነህ ያንኑ በርኖስ ደርበው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እናቴ እንደምን ዋላችሁ ካለች በኋላ በቀጥታ ተናገረች።

«ዘነቡ፣ ጠጉርሽን አልወሰድኩም። አንቺ ግን አዝነሻል፣ ያሳዘንኩሽም እኔ ነኝ። ይሄው የራሴ ጠጉር፤ እዚሁ ፊትሽ ቁጭ ብዬ እፈትለዋለሁ፣ ሸማኔው ቀዩን ፈትቶ በዚህ ይተካዋል።»

እትዬ ዘነቡ ፊታቸውን አላዞሩም። «ስንቱን ትፈትዪዋለሽ፣ ጀርባው እኮ ሰፊ ነው» አሉ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኔ ጀርባዬን አላየው!» አሉ ጋሽ ጌታነህ። «በርዶኝ እንደሆነ ጠይቁኝ። አልበረደኝም!»

እናቴ መልስ ሳትጠብቅ ጥቅሉን ፀሐዩ ላይ ፈታችው። ያን ጊዜ ሁላችንም አየነው። ጠጉሩ ከሥሩ ከሰል የመሰለ ጥቁር ሆኖ ጫፍ ጫፉ ግን ቀይ ነበር፤ በጉ በጋውን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲውል ፀሐይ የጠበሰው ጫፍ። እትዬ ዘነቡ የያዙትን ገብስ ጥለው መጡና ጠጉሩን በጣቶቻቸው ፈለቀቁት። ሴቶቹ ሁሉ ከመፍተላቸው በፊት ይህን ጫፍ እየቆረጡ ይጥሉት ነበር፤ ሥራው ግን ብርሃን ይፈልጋል።

«አስካለ… ጫፉን ሳትቆርጪ ነው የፈተልሽው?»

«ሕፃኑ ጭኔ ላይ ነበር» አለች እናቴ፣ ጠጉሩን እያየች። «ቤቱም ጨለማ ነበር። ሁሉም ጥቁር መስሎ ነበር የሚታየኝ።» ቀጥላም፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ምንም አልበደልኩም እያልኩ ነበር የመጣሁት፤ ለካስ የማላውቀው ኖሮብኛል። ይቅር በይኝ» አለች።

«እኔስ?» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «ሌባ ብዬሽ በሰው ፊት! ልጅሽ ሲታመም አንድ ቀን ገብቼ ሕፃኑን ብይዝልሽ ኖሮ ታዪው ነበር። አንቺ ይቅር በይኝ!» ሁለቱም አንዷ የሌላዋን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ሲሉ ግንባራቸው ተጋጨ፣ ጋሽ ጌታነህም «በሉ በቃችሁ፣ ቀበሮዬን ታስበረግጉብኛላችሁ!» ብለው ሳቁ፣ ከዚያም እንባቸውን በዚያው በርኖስ ጫፍ ጠረጉ።

ጾሙ ሳይገባ መምሬ ኃይሉ ማኅበርተኛውን እንደገና እትዬ ዘነቡ ቤት ሰበሰቡ። ሲጠይቁ «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ድምፅ ከሁሉ በፊት ከሁለቱ ሴቶች አፍ ወጣ። እትዬ ዘነቡ ጽዋውን ስመው ለእናቴ ሰጧት፣ እሷም ስማ በሁለት እጇ ተቀብላ ያችን አጭር መንገድ ውኃ የሞላ ዕቃ እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ ተራመደች። ለኅዳር ጽዮን ጠላውን የጠነሰሱት፣ ንፍሮውን የቀቀሉት ሁለቱም በአንድነት ነበር። ቤታችን ከቀበሌው ዳርቻ ድረስ በመጡ ድሆች ሞልቶ፣ ወንድሜ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲዞር ዋለ። እናቴ ያን ቀን እንደነበራት ያለ ብሩህ ፊት ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አላየሁባትም።

በርኖሱ አልተፈታም። ጋሽ ጌታነህ «ቀበሮዬን አላስነካም» አሉ። ዛሬም አርጅተው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ እሑድ እሑድ ዳገቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቀዩ ሰንበር ከጀርባቸው ፀሐይ ላይ ይታያል፤ እናቴም ከኋላ ሆና ለእንግዳ ሰው ሁሉ «ያ የእኔ ፈትል ነው» ትላለች፣ ያለ ምንም እፍረት።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነገር ከመንደራችን ይሻላል። መብራት አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ እሑድ እሑድም ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ወንጌል እናነባለን፤ እኔም ባቀረብኩት ሐሳብ ከዳር ጀምረን ነው የምናነበው። ግን ሁሉም የራሱን ብርጭቆ ይዞ ስለሚጠጣ ከመጠጣታችን በፊት የሚጠይቀን የለም። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አብራኝ ከምትኖረው ልጅ ጋር ክፍሉን መጥረግ የማን ተራ ነው በሚል ከተኳረፍን ሰነባብተናል፤ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ያን ቀን ዝናቡ ሲያባራ ደብተሬን ዘግቼ ሹራቧን ከመስኮቱ አወረድኩት። ውኃውን ጨምቄ፣ ፀሐይ በሚመታበት በኩል ዘርግቼ ሰቀልኩት። ከዚያ በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ኮቴዋን ከኮሪደሩ ስሰማ ተነሳሁና እሷ አፏን ሳትከፍት መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ።